ድምፅ ማጉያውን ከማውረዳችሁ በፊት ምጣዱ የት እንደተሰካ ጠይቁ

የጥር ሠርግ ሲደርስ በጎንደር ለምትሠሩ ዲጄዎች አንድ ነገር ልበል። ድንኳኑ ዘንድ እንደደረሳችሁ በቅድሚያ ወደ ጓዳ ዝለቁና የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከየትኛው መስመር እንደተሰካ እናቶችን ጠይቁ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። የእናንተም ዕቃ በዚያው መስመር ላይ ከተሰካ ሙሽሮቹ ሲገቡ መብራቱ ድርግም ማለቱ አይቀርም። የተለየ መስመር ከሌለ ጄኔሬተር ተጠቀሙ እንጂ «ምጣዱን ንቀሉልን» ብላችሁ አትከራከሩ፤ ከወጥ ቤት ጋር ተጣልቶ ያሸነፈ ዲጄ እስካሁን አላየሁም።

ጄኔሬተሩን ከድንኳኑም ከቤቱም አርቁ፤ ጭሱ ሰው ይገድላል። የማራዘሚያ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፤ እንደተጠቀለለ ብዙ ኃይል ሲሸከም ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ጄኔሬተሩ ሲነሣ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ይቆይ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚበራው፣ መጀመሪያ የሚጠፋው እርሱ ነው።

አዝማሪ ከመጣ ማይክሮፎኑን ይዞ ከድምፅ ማጉያው ፊት እንዳይቆም ቦታ አመቻቹለት፤ አለበለዚያ ማሲንቆው ሳይሰማ ፉጨቱ ጆሮ ይበሳል። እስክስታው ከጋለ ደግሞ ዘፈን ለመክተት አትቸኩሉ፤ አዝማሪው ራሱ ሲበቃው ያያችኋል።