ከሻርፕ እስከ ሙሉ ሹራብ፦ በእጅ የሚሠራ ስጦታን በልኩና በቀኑ ለማድረስ

በእጅ የተሠራ ሹራብ ለሰው ሲሰጥ ሁለት ነገሮችን ማሟላት ይኖርበታል፤ ለሚለብሰው ሰው ልክ መሆን አለበት፣ በሚፈለግበት ቀንም መድረስ አለበት። ጀማሪዎች ሥራቸው ግማሽ ላይ ሲቀር እጃቸው ያልፈጠነ ይመስላቸዋል፤ ይሁን እንጂ እኔ በትርፍ ጊዜዬ ስሠራ በቆየሁባቸው ዓመታት እንደተረዳሁት፣ በፌስታል ተጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀሩት ሥራዎች አብዛኞቹ ሳይለኩና ሳይመዘገቡ የተጀመሩ ናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከመርፌው በፊት ከደብተሩ ይነሣል።

አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይመድቡና በአናቱ ላይ ሥራው ለማን እንደሆነ፣ የሚሰጥበትን ቀን፣ የሚለብሰውን ሰው ልክ፣ የመርፌውን ውፍረት በሚሊ ሜትር እንዲሁም የመነሻ ቀለበቶቹን፣ ማለትም ሥራው ሲጀመር መርፌው ላይ የሚደረደሩትን የክር ቀለበቶች ቁጥር ይጻፉ፤ ክሩ የተጠቀለለበትን ወረቀትም ሳይጥሉ እዚያው ገጽ ላይ ይለጥፉት። ከዚያ በታች ያለው ባዶ ቦታ የረድፍ መቁጠሪያ ነው፤ አንድ ረድፍ ባለቀ ቁጥር አንድ ጭረት ይጨምሩ፣ አምስተኛውንም ጭረት በአራቱ ላይ ያሳልፉት። ቡና ሊያፈላ ወይም እንግዳ ሊቀበል ሥራውን አስቀምጦ የተነሣ ሰው ሲመለስ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በዚህ ጭረት ነው።

ቀኑ የሚቆጠረው ወደ ኋላ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ ደግሞ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለሚነሡ፣ ለሕፃን የሚሠራ ስጦታ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ማታ ማታ አንድ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ኮፍያና ካልሲ በሁለት ሳምንት ስለሚያልቁ 40 ቀን ሰፊ ጊዜ ነው፤ ሹራብ ሊጨመርበት ከታሰበ ግን ክሩ ከመውለጃው ጊዜ በፊት መገዛት፣ ናሙናውም ያኔ መሠራት አለበት። ለገና ታስቦ ለአዋቂ የሚሠራ ሹራብ ሌላ ስሌት ይፈልጋል። 110 ቀለበት ያለው አንድ ረድፍ እኔን 6 ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፊት ክፍል ደግሞ 168 ረድፍ ስለሚሆን 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የኋላው ክፍል ያንኑ ያህል፣ ሁለቱ እጅጌዎች አንድ ላይ ያንኑ ያህል ሲወስዱ ድምሩ 50 ሰዓት ይደርሳል። በየማታው አንድ ሰዓት ከተሠራ 50 ማታ ማለት ነው፤ አጠባና ስፌት ሲጨመርበት ከጥቅምት 1 የተጀመረ ሹራብ ኅዳር መጨረሻ ላይ ያልቃል፣ ለገናም አንድ ወር ያህል መጠባበቂያ ይተርፋል። ኅዳር አጋማሽ ላይ የጀመረ ሰው ግን ሹራቡን ለሌላ በዓል አስተላልፎ ለገና ሻርፕ ቢሠራ ይሻለዋል።

በመርካቶም ሆነ በሌሎች ሱቆች በብዛት የሚገኘው የሹራብ ክር አክሪሊክ ነው። አክሪሊክ በቀላሉ ይታጠባል፣ ሙቅ ውሃ እንደ በግ ሱፍ አያኮማትረውም፤ ነገር ግን የጋለ ካውያ ከነካው ቅርጹን ያጣል፣ ይቀልጣልም። ጥጥ ለቆዳ ይስማማል፤ ሆኖም ይከብዳል፣ በራሱ ክብደትም ወደ ታች ይረዝማል። የአገራችን የበግ ጸጉር፣ በተለይም በመንዝ ተፈትሎ ባናና ዝተት ሲሠራበት የኖረው፣ ለብርድ የሚወዳደረው የለም፤ ግን ሻካራ ስለሆነ ከሕፃን ገላ መራቅ አለበት፣ ለምንጣፍና ለቦርሳ ግን እጅግ ያምራል። ክር ሲገዙ በወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር በተጨማሪ የማቅለሚያ ዙሩ ቁጥር መኖሩን ይመልከቱ። የቀለሙ ቁጥር አንድ ሆኖ የማቅለሚያ ዙሩ ከተለያየ፣ በሱቁ ብርሃን የማይታየው ልዩነት ፀሐይ ላይ በደረት መካከል እንደ መስመር ይታያል። ስለሆነም ለአንድ ሥራ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቀን መግዛት ያሻል፤ ለሕፃን ኮፍያ አንድ ባለ 50 ግራም ጥቅል፣ ለሻርፕ እስከ 200 ግራም፣ ለአዋቂ ሴት ሹራብ ደግሞ መካከለኛ ውፍረት ካለው ክር ከ500 እስከ 600 ግራም ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ሥራ እንመጣለን፤ ይኸውም ናሙና ነው። ናሙና ማለት ለሥራው በተመረጠው ክርና መርፌ 30 ቀለበት በ38 ረድፍ ሠርቶ፣ አጥቦና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርቆ፣ መሐሉ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀለበትና ስንት ረድፍ እንዳለ መቁጠር ነው። አጥቦ የሚለው ቃል ይሰመርበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአባቴ በጥጥ ክር ሹራብ ስሠራ ናሙናውን ሳላጥብ ለክቼ ጀመርሁ። ሲለብሰው ልክ ነበር፤ ከመጀመሪያው አጠባ በኋላ ግን እጅጌው ጣቶቹን ሸፈነ፣ ታችኛው ጠርዝም ጭኑ ላይ ደረሰ። አባቴ አንድም ቃል ሳይተነፍስ እጅጌውን ሁለት ጊዜ እያጠፈ ክረምቱን ሙሉ ለበሰው፤ እኔም መስከረም ሲጠባ ለምኜ ተቀበልሁትና ተርትሬ፣ ከታጠበ ናሙና በተገኘ ልክ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ሳይታጠብ የተለካ ናሙና በደብተሬ ገብቶ አያውቅም።

ከናሙናው ወደ ሹራቡ የሚያሻግረው ማባዛት ብቻ ነው። በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ የተሠራው ናሙና በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበትና 28 ረድፍ ይዞ ተገኘ እንበል። የደረቱ ዙሪያ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው እንደ ልብ እንዲንቀሳቀስ 8 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርለት 98 ይሆናል፤ የፊቱ ክፍል የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 49 ሳንቲ ሜትር ነው። 49 በ2.2 ሲባዛ 108 ገደማ ይመጣል፤ በግራና በቀኝ ስፌት ውስጥ ለሚገቡት ሁለት ቀለበቶች 2 ሲደመር 110 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለታችኛው ተለጣጭ ጠርዝም በጣም የተመቸ ነው፤ ሁለት የፊት፣ ሁለት የጀርባ እያሉ ሲሠሩ ረድፉ በሁለት የፊት ቀለበት ጀምሮ በሁለት የፊት ቀለበት ያልቃል፣ ሁለቱ ክፍሎች ሲሰፉም ከየጎኑ አንድ አንድ ቀለበት ስፌት ውስጥ ስለሚገባ የቀሩት ሁለቱ ጎን ለጎን ገጥመው መጋጠሚያው ከሌላው መስመር አይለይም።

የፊት ቀለበት የምለው ክሩን ከሥራው በስተኋላ አድርጎ፣ መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ አስገብቶ የሚሳበውን ነው፤ የጀርባ ቀለበት ደግሞ ክሩን ወደ ፊት አምጥቶ፣ መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት አስገብቶ የሚሠራው ነው። የመጀመሪያው ሥራ ሻርፕ ቢሆን እመክራለሁ፤ 40 ቀለበት ጀምሮ ሁሉንም ረድፍ በፊት ቀለበት ብቻ እስከ 150 ሳንቲ ሜትር መሥራት ነው። በዚህ አሠራር ጨርቁ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል፤ አንዱን ረድፍ በፊት፣ ቀጣዩን በጀርባ ቀለበት ቢሠሩት ግን ጠርዙ እየተጠቀለለ ሻርፑ እንደ ቱቦ ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ የሕፃን ኮፍያ ይሁን፤ ምክንያቱም መቀነስን ያስተምራል። በሦስት ወር የሕፃን ጭንቅላት ዙሪያ 40 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆንና ሹራብ ስለሚለጠጥ 36 ሳንቲ ሜትር በቂ ነው። ከላይ በተገኘው ናሙና 80 ቀለበት፣ ከስፌቱ ጋር 82 ማለት ነው። 3 ሳንቲ ሜትር ተለጣጭ ጠርዝ ሠርተው፣ አንድ ረድፍ በፊት አንድ ረድፍ በጀርባ እያሉ ከመነሻው 9 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ይቀጥሉ። ከዚያም የዳርና የዳሩን ሁለት ቀለበቶች ትተው የቀሩትን 80 ቀለበቶች በ8 ክፍል ያካፍሉና በየሁለት ረድፉ፣ የእያንዳንዱን ክፍል የመጨረሻ ሁለት ቀለበቶች አንድ ላይ ይሥሩ፤ በእያንዳንዱ ቅነሳ 8 ቀለበት እየጎደለ በዘጠነኛው 10 ብቻ ይቀራል። ክሩን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው ይቁረጡ፣ በወፍራም የስፌት መርፌ በ10ሩም ውስጥ አሳልፈው ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፣ በዚያው ክር ጎኑን ሰፍተው ይጨርሱ።

ለሕፃን በሚሠራ ነገር ላይ ከውበት በፊት የሚታይ ጉዳይ አለ። አንገት ላይ የሚታሰር ረጅም ክር ወይም ሪባን አይደረግበትም፤ ቁልፍ ካለውም በጠንካራ ክር በሚገባ ተሰፍቶ ተጎትቶ ይፈተሻል፤ ሲተኛም ኮፍያው ይወልቃል። ካልሲና ጓንት ላይ ቀዳዳ የሚበዛበት ዳንቴል መሰል ሥራ አይስማማም፤ ትንንሾቹ ጣቶች ይሾልኩበታልና። ካልሲው ሲያልቅ ገልብጠው ውስጡን በጣትዎ ይዳብሱ፤ የተንጠለጠለ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ስለሚችል ማንኛውም ጫፍ በጥብቅ ተሰፍቶ መደበቅ አለበት። እኔ ይህን ፍተሻ ሳላደርግ ለአራስ ቤት የወሰድሁት ነገር የለም።

በሥራ መካከል ቀለበት ማምለጡ አይቀርም። ያመለጠው ቀለበት ወደ ታች ሲፈታ በላዩ ላይ እንደ መሰላል ደረጃ የተዘረጉ ክሮች ይተዋል። ሥራውን አይጎትቱት፤ በመጀመሪያ መርፌ ቁልፍ በቀለበቱ ውስጥ አስገብተው መውረዱን ያስቁሙ። ከዚያ የፊቱን ገጽ ወደ ራስዎ አዙረው፣ የኪሮሽ መርፌውን ከፊት ወደ ኋላ በቀለበቱ ውስጥ አስገብተው፣ ከሁሉም በታች ያለውን የመሰላሉን ክር ይያዙና በቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት ይሳቡት፤ አዲስ ቀለበት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ እያሉ አንድም ደረጃ ሳይዘሉ እስከ ላይ ይውጡና ቀለበቱን ወደ መርፌው ይመልሱት። ሲያልቅ ቦታው ትንሽ የላላ ወይም የጠበቀ ሊመስል ይችላል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ይስተካከላል። ስህተቱ ብዙ ረድፍ ወደ ታች ከሆነ መተርተር ይሻላል፤ ለዚህም በየ20 ረድፉ በሁሉም ቀለበቶች ውስጥ ሌላ ቀለም ያለው ቀጭን ክር አሳልፎ መተው ትልቅ ዋስትና ነው፤ የሚተረተረው እዚያ ክር ላይ ደርሶ ይቆማልና።

ለሙሉ ሹራብ ሁለቱን እጅጌዎች በሁለት ጥቅል ክር በአንድ ረጅም መርፌ ላይ ጎን ለጎን መሥራት ርዝመታቸውንና ቅነሳቸውን እኩል ያደርገዋል። ክፍሎቹ ሲያልቁ ወዲያው አይሰፉም፤ በለብ ያለ ውሃ ነክረው፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ያስመጡ፣ ከዚያም በደብተሩ በተጻፈው ልክ ዘርግተው ጥላ ውስጥ ያድርቁ። ስፌቱ በፊተኛው ገጽ በኩል፣ ከቀኝ አንድ ረድፍ ከግራ አንድ ረድፍ እያነሡ ይሁን። አንዱ ወገን ሁለት ረድፍ ቢተርፍ ቀስ በቀስ ማካካስ ይቻላል፤ ስድስት ቢተርፍ ግን የተሳሳተው ቆጠራ ነውና ክፍሉን ተመልሶ ማረም ይገባል።

ስጦታው ሲሰጥ ከተረፈው ክር ጥቂት ሜትር በትንሽ ጥቅል አድርገው ለጥገና አብረው ይስጡ፤ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀትም ይጨምሩ፦ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፣ አይጠመዘዝ፣ ውሃ ያዘለ ሹራብ በራሱ ክብደት ስለሚረዝም ገመድ ላይ አይሰጣ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት የሄደ ሰው ይህን ለአራሷ ሳይሆን ልብሱን ለሚያጥበው ሰው ቢነግር ይበልጥ ይጠቅማል።

ከወራት በኋላ ልብሱ ምን እንደሆነ ጠይቀው መልሱን በዚያው ገጽ ግርጌ ይጻፉ። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ኮፍያ ገጽ ላይ «5 ወር ሲሞላው ግንባሩ ላይ ጠበበ፤ ለታናሹ 90 ቀለበት» የሚል ተጽፎ ይገኛል፤ ታናሹ ሲወለድም በ90 ቀለበት ጀመርሁ፣ የማካፍለውም 88ቱን በ8 ሆነ።