ተመልካች የማይለቀው ምናባዊ ድራማ እንዴት ይጻፋል? በሐረርና በድሬዳዋ ለሚጀምሩ ጸሐፊዎች

በሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ማታ ማታ ጅብ የሚያበላውን ሰው ለማየት የሚሰበሰበውን ሕዝብ ልብ ብሎ የተመለከተ ጸሐፊ፣ ስለ ምናባዊ የቴሌቪዥን ድራማ ሊያውቅ ከሚገባው ነገር ብዙውን እዚያው ቆሞ ይማረዋል። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ጅቦቹን በየስማቸው ይጣራል፤ ሥጋውንም በአጭር እንጨት ጫፍ ላይ ያንጠለጥላል። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የጅቡ ገላ ሳይሆን የመኪና መብራት ያረፈባቸው ሁለት ዓይኖቹ ናቸው። ሕዝቡ ትንፋሹን የሚውጠው ጅቡ ሥጋውን ሲነጥቅ አይደለም፤ ዓይኖቹ ታይተው ገላው ገና ሳይቀርብ ባለችው ጥቂት ጊዜ ነው። ጅቡ መብላት ከጀመረ በኋላ ወሬው ይመለሳል፣ ስልክ ይወጣል፣ ሕፃናቱም መሳቅ ይጀምራሉ።

ምናባዊ ድራማ መጻፍ የሚፈልጉ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከገላው ነው፤ ዘንዶው ምን ያህል እንደሚተልቅ፣ ጠንቋዩ ስንት ዓይነት እሳት እንደሚተፋ በመዘርዘር ብዙ ገጽ ይሞላሉ። እኔ ግን ተመልካችን አስሮ የሚያስቀምጠው የተአምሩ ትልቅነት ሳይሆን የተአምሩ ሕግ፣ ከዚያም ያ ሕግ በአንድ ቤት ሰዎች ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈውም ይህንን በተግባር እንዴት ማዋል እንደሚቻል ነው።

የመጀመሪያውን ትዕይንት ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱና በምናብ ለፈጠራችሁት ኃይል ሕግ አውጡለት። ኃይሉ ምን ማድረግ ይችላል? ከዚያ በላይ ደግሞ ምን ማድረግ አይችልም? የሚሠራው በማን እጅ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በምን ምክንያት ነው? ሲሠራስ ከባለቤቱ ላይ ምን ይወስዳል? ለዚህ የሚሆን አብነት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐረር በዓሹራ ዕለት ለጅቦች ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል፤ ጅቦቹ ከገንፎው ሲበሉ ዓመቱ የጥጋብ ይሆናል፣ እምቢ ብለው ሲሄዱ ግን ክፉ ነገር ይመጣል ተብሎ ይታመናል። እዚህ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ፤ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ምልክቱ የታወቀ ነው፣ ሰው ጅቡን አስገድዶ ሊያበላው አይችልም፣ ውጤቱም የሚነካው መላውን ከተማ ነው። ገንፎው መሬት ላይ ተቀምጦ ጅቡ አሽትቶ ፊቱን ቢያዞር ምን እንደሚፈጠር ማሰብ ብቻውን ለአንድ ክፍል የሚበቃ ጭንቀት ይሰጣል።

ሌላው አብነት የደብተራው ክታብ ነው። በቀድሞው ልማድ በብራና የሚጻፈው ክታብ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ታስቦ ማለት ነው። አንድ ጸሐፊ ይህንን ይዞ «ልጁ ቢያድግስ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ታሪኩ ወዲያው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ክታቡ የተጻፈለት ሕፃን አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ ብራናው እስከ ጉልበቱ ብቻ ይደርሳል፣ ከጉልበቱ በታች ያለው ገላው ጠባቂ የለውም። ቁጥርና ልክ ያለው ተአምር እንዲህ ያስጨንቃል። ልክ የሌለው ተአምር ግን «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፤ ወተቷን የሚጠጣ ተመልካች የለም።

ይህንን ትምህርት እኔ ያገኘሁት ተሳስቼ ነው። ደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ እንኳ በላይኛው ደጋ የጣለው ዝናብ ድንገት ይዞት ይወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ስለ ገደለ፣ በከተማው ውስጥ ስለዚህ ወንዝ ቀልሎ የሚናገር ሰው አይገኝም። እኔም አሸዋው ላይ ጆሮዋን ደፍታ ጎርፉ ሳይመጣ የምትሰማ ልጅ ፈጥሬ የስድስት ክፍል ድራማ ጻፍኩ። ጥፋቴ የልጅቷን ጆሮ ወሰን አለማበጀቴ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ሌባ ሲያሤር ሰማች፤ በሦስተኛው የታመመ ሰው መሞቻውን ሰማች። በንባብ ልምምዱ ላይ ልጅቷን ሆና የምታነበው ተዋናይት አራተኛው ክፍል መሐል ስትደርስ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «የማታውቀውን ሌባ ከሰማች የገዛ ወንድሟን እንዴት ሳትሰማ ቀረች?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ በሁለተኛው ክፍል ለአንድ ትዕይንት እንዲመቸኝ ብዬ የቀደድኳት ትንሽ ቀዳዳ በአራተኛው ክፍል ታሪኩን በሙሉ አስበላችብኝ።

ድራማውን እንደገና ስጽፈው ልጅቷ ውኃን ብቻ እንድትሰማ አደረግሁ፤ ውኃውን በሰማች ቁጥርም የአንድ ሰው ድምፅ ከጆሮዋ ለዘለዓለም ይጠፋል። መጀመሪያ የሚጠፋው የሩቅ ጎረቤት ድምፅ ስለሆነ ልብ አላለችውም። ቀጥሎ የመምህሯ ሄደ። ከዚያ በኋላ እናቷ ጠዋት ቡና እየወቀጠች ስትናገር፣ ልጅቷ የሙቀጫውን ድምፅ እየሰማች የእናቷን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ታያለች። ከዚህች ትዕይንት በኋላ ልጅቷ ወደ ወንዙ ስትሄድ የሚያነቡት ሁሉ «አትሂጂ» ማለት ጀመሩ፤ ከተማው እንዲድን ይፈልጋሉ፣ እሷም እንዳትሰማ ይፈልጋሉ። ተመልካች ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ጊዜ እንዲመኝ ማድረግ ከቻላችሁ ቴሌቪዥኑን ትቶ አይነሳም። ዋጋውን ስትተምኑ ታዲያ ገጸ ባሕርይዋ ከምትወደው ነገር ላይ ቁረጡ፤ ጉልበት መድከምና አፍንጫ መድማት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚመልሰው ስለሆነ ዋጋ ሊባል አይገባውም።

መቼትን፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበትን ቦታና ጊዜ፣ በተመለከተ ብዙ ልምከር፤ እኛ አካባቢ ሀብቱ ስላለ ነው። ጌም ኦፍ ትሮንስ የተባለው ድራማ ዋና ከተማውን ሲያሳይ ክሮኤሽያ ውስጥ በምትገኘው በዱብሮቭኒክ አሮጌ ግንብ ተጠቅሟል፤ ተመልካቹ ከተማዋን ያመናት ድንጋዩ የእውነት ድንጋይ፣ ደረጃውም የእውነት እግር የላሰው ደረጃ ስለሆነ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው፣ በጥንቱ አምስት በሮቹ የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎልም ለጅብ መተላለፊያ የተተዉ ዝቅተኛ ቀዳዳዎች አሉት። ለሰው በር፣ ለአውሬ ቀዳዳ ያበጀ ግንብ ራሱ የታሪክ ጥያቄ ያነሳል፤ ሰው በጅቡ ቀዳዳ ቢገባስ?

ከግንቡ ይልቅ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ የሐረሪ ቤት ነው። ሳሎኑ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ሰው የሚቀመጠው በማዕረጉ ነው፤ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ ጌታ ቦታ ነው። እስቲ ይህንን ትዕይንት አስቡት፦ አባት ሞቷል፣ ለቀስተኛው ወጥቷል፣ ሦስት ልጆች ወደ ሳሎኑ ተመልሰው ገብተዋል። ታላቁ ወትሮ ከሚቀመጥበት ዝቅተኛ መደብ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ቆሞ ይቆያል። ታናሽቱ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ ጫማዋን አውልቃ ወጥታ አሚር ነደባው ላይ ትቀመጣለች። ማንም ቃል አልተናገረም፣ ተመልካቹ ግን ጦርነት እንደ ተጀመረ ያውቃል። የምናብ መንግሥት የምትፈጥሩ ከሆነ ዙፋኑን በወርቅ ከመለበጥ ይልቅ ማን የት እንደሚቀመጥ ወስኑ፣ ያንንም ሥርዓት በመጀመሪያው ክፍል በጸጥታ አሳዩ፣ ከዚያም በትክክለኛው ሰዓት አንድ ሰው እንዲጥሰው አድርጉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የእውነተኛ ሕዝብን ሥርዓት ስትዋሱ ባለቤቶቹን ጠይቃችሁ ይሁን፤ ቅዱስ የሆነውን ለድምቀት ብቻ መጠቀም ተመልካችን ያሳዝናል፣ ማዘኑም ተገቢ ነው።

ቋንቋም የመቼት አካል ነው። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ጌም ኦፍ ትሮንስ ዴቪድ ፒተርሰን የተባለ የቋንቋ ባለሙያ ቀጥሮ ሰዋስው ያላቸው ቋንቋዎች አስፈጥሯል፤ የእኛ አቅም ይህንን ባይፈቅድ እንኳ አማርኛ ራሱ የማይነጥፍ መሣሪያ ሰጥቶናል፣ እሱም አንቱታ ነው። ድሬዳዋ ላይ አንቱታ እንደ ሌላው አካባቢ ብዙ አይሰማም፤ ታላቅም ታናሽም «አንተ» ሲባባል ይውላል። ስለዚህ የድሬ ተመልካች ፊት፣ ልጅ አባቱን እንኳ ሁልጊዜ አንቱ የሚልበት የምናብ ከተማ ብታቆሙ፣ ያለ ምንም ልብስና ግንባታ ሩቅ አገር ወሰዳችሁት ማለት ነው። ሎሌው ለስድስት ክፍል «እርስዎ» ሲለው የኖረውን ጌታ በሰባተኛው ክፍል «አንተ» ቢለው ደግሞ ሰይፍ ከመምዘዝ ይበልጣል። መኳንንቱን ሁሉ በግእዝ ቃላት ማጨናነቅን ግን አልመክርም፤ ተዋናዩ አፉ ውስጥ የማይዞርለትን ቃል ተመልካቹም አያምነውም።

ስለ አጀማመር የቀድሞዎቹ ተራኪዎች ደንብ ይበቃናል። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም ነበር፤ ከዚያች ምልልስ በኋላ ግን እንስሳ ቢናገር ማንም አይከራከርም። የእናንተም ድራማ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተአምሩን አንድ ጊዜ፣ በትንሹ፣ በግልጽ አሳይቶ የተመልካቹን እሺታ መቀበል አለበት። እስከ ሦስተኛው ክፍል ድረስ ተራ የቤተሰብ ድራማ መስሎ ቆይቶ ድንገት ጂኒ የሚያወጣ ጽሑፍ ተመልካቹን አታልሎታል።

ክፍሎቹን ስታያይዙ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ጥያቄ ይመልስ፣ ከመልሱም አንድ አዲስ ጥያቄ ይውለድ። ልብ ሰቀላ ማለት ገጸ ባሕርይን ገደል አፋፍ ላይ አንጠልጥሎ መተው ብቻ አይደለም፤ መልሱን ሁልጊዜ የሚነፍግ ድራማ ተመልካቹን ያሰለቻል። ንግር፣ ማለትም በኋላ የሚመጣውን የሚጠቁም ፍንጭ፣ አስቀድማችሁ ዝሩ፤ በአምስተኛው ክፍል የሚከፈተው በር በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሰው ሳያስተውለው በካሜራው ፊት ያለፈ ይሁን። ዋጋ እንደሚከፈል ደግሞ ቶሎ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ጌም ኦፍ ትሮንስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ዋናው መስሎ የቆየውን ሰው ገደለ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ምዕራፎች ሁሉ ተመልካቹ ለማንም ሕይወት ዋስትና እንደሌለ እያወቀ ይመለከት ነበር። ያው ድራማ እ.ኤ.አ. በ2019 በስድስት ክፍሎች ብቻ በተዘጋው ስምንተኛ ምዕራፉ ብዙ ተመልካቾቹን አስከፍቷል፤ እኔ እንደማየው ምክንያቱ ጥድፊያ ነው፣ ለዓመታት በአዝጋሚ ጉዞ የበሰሉ ሰዎች በጥቂት ትዕይንቶች ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። ስለዚህ መጨረሻችሁን ሳታውቁ ቀረጻ አትጀምሩ።

ገንዘብ ላይ ብዙ አልቆይም። ዘንዶ ለመሥራት አቅም የሌለው ዱካውን፣ ድምፁን፣ ፈርቶ የሚሸሸውን ፍየል ያሳይ። ለድምፅ የሚወጣ ብር ለምስል ማሳመሪያ ከሚወጣው በፊት ይምጣ፤ ጨለማ ነጻ ነው፣ ጨለማ ውስጥ የሚሰማ ትንፋሽም ርካሽ ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለባልደረባ ጸሐፊ ብቻ አታስነብቡት። አመሻሽ ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ቡና በተፈላበት ቤት የመጀመሪያውን ክፍል ጮክ ብላችሁ አንብቡና ክፍሉ የሚያበቃበት ላይ ስትደርሱ ደብተሩን ዝጉ። እያነበባችሁ ሳለ እርሳስ ያዙ፤ ሰው ስልኩን ያየበትን፣ ሕፃን ያቋረጠበትን፣ አፍልታ የምታቀርበው ልጅ ሲኒ ማጠቧን ያቆመችበትን መስመር ሁሉ ምልክት አድርጉበት። አንብባችሁ ስትጨርሱ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው አክብሮ «ጥሩ ነው» ይላችኋል። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። «ኃይሏ ምንድን ነው?» ብለው ከጠየቁ ሕጉ አልገባቸውምና ወደዚያ አንድ ገጽ ወረቀት ተመለሱ። «እናትየው ታውቃለች?» ብለው ከጠየቁ ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል በዚያው ጥያቄ ጀምሩት።