በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጤና መደርደሪያ እንዴት ይደራጃል? ሀዋሳን መነሻ ያደረገ መመሪያ

ስለ ጤና ሊያነብ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ነው። የምርመራ ውጤቱን ይዟል፣ የበሽታውን ስም ሰምቷል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ አልገባውም። የጤና መደርደሪያ የሚደራጀው ለዚህ ሰው ነው። ለሕክምና ተማሪው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ቤተ መጻሕፍት አለው። ስለዚህ በልገሳ የመጣ ወፍራም የአናቶሚ መጽሐፍ ቦታ ከማጣበብ ያለፈ ጥቅም የለውም፤ ቢያምርም አይደርድሩት።

መጀመሪያ ጥያቄ ይሰብስቡ

መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት ለአራት ሳምንት ያህል በንባብ ክፍሉ በር አጠገብ የተዘጋ ሣጥንና ብጣሽ ወረቀት ያስቀምጡ። «ስለ ጤና ምን ማወቅ ይፈልጋሉ? ስም አይጻፉ» የሚል ጽሑፍ ይበቃል። ሣጥኑ ብቻውን ግን ያሳስታል። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያነበው በአብዛኛው ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ስለሆነ የእናቶችና የአረጋውያን ጥያቄ አይገባበትም። ለዚህ በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ነርሶችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንና ሁለት ሦስት ፋርማሲዎችን «ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ጨጓራ፣ ወባ፣ ታይፎይድና እርግዝና የትም ከተማ ይነሣሉ። ሀዋሳ ላይ ግን የሐይቁና የስምጥ ሸለቆው ጥያቄዎች ይጨመራሉ፦ ጥሬ ዓሣ መብላት፣ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሰውና ቢልሃርዝያ፣ የልጆች ጥርስ መበለዝ። የመጨረሻው በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ከሚገኝ ፍሎራይድ ከተባለ ማዕድን ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በላይ የያዙ ጉድጓዶች አሉ። «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ጥሩ በራሪ ወረቀት ለተቅማጥ ይሠራል፣ ፍሎራይድን ግን ማፍላት አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲቀንስ መጠኑ ይጨምራል። ይህን የሚያብራራ አንድ ገጽ ወረቀት ከአሥር የውጭ መጽሐፍ ይበልጣል።

በ60 መጽሐፍ ይጀምሩ

ባለ አምስት ረድፍ አንድ መደርደሪያ ይበቃል። 15 ያህሉ ስለ እናቶችና ሕፃናት፣ 12ቱ ስለ ተላላፊ በሽታ፣ 12ቱ እንደ ስኳርና ደም ግፊት ስላሉ የቆዩ ሕመሞች፣ 7ቱ ስለ አእምሮ ጤና፣ 5ቱ ስለ አመጋገብ፣ 5ቱ ስለ መጀመሪያ ዕርዳታ ይሁኑ፤ ቀሪዎቹ 4 የመድኃኒትና የቃላት ማጣቀሻዎች ናቸው። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ የሣጥኑ ወረቀት ሌላ ካለ ሣጥኑን ይስሙ። አእምሮ ጤናን ግን ጠያቂ የለውም ብለው አይቀንሱት፤ የማይጠየቀው ስለሚያሳፍር ነው።

ከመጽሐፉ እኩል የሚነበበው በራሪ ወረቀት ነው። ጤና ሚኒስቴር ያዘጋጃቸውን ከከተማው ጤና መምሪያ ወይም ከጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ኢንተርኔት ባለበት የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ሜድላይንፕላስ የተባለ ድረ ገጽ በአማርኛ የተዘጋጁ ጽሑፎችን በነፃ ይሰጣል፤ መስመሩ ደህና በሆነ ቀን አውርደው ያትሙ። ከማተምዎ በፊት «911 ይደውሉ» የሚል ካለ ይሰርዙና የአገራችንን ቁጥር ይጻፉበት። የጤና ሚኒስቴር 952 እና የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ነፃ መስመሮች ናቸው፤ ከመለጠፍዎ በፊት ራስዎ ደውለው ይሞክሩ።

እያንዳንዱን መጽሐፍ ይፈትሹ

በዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ጉዳት የሚያደርስ ስሕተት የሚገባው እዚህ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ሲያዩ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይለዩ። «2010» የሚል የአገር ውስጥ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ወይም በ2018 ነው። «2010» የሚል የውጭ መጽሐፍ ግን በእኛ 2002 ወይም 2003 ዓ.ም. የወጣ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የመዘገበ ቤተ መጻሕፍት አሮጌውን አዲስ ብሎ ይደረድራል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ይጨምሩ። የመድኃኒትና የሕክምና መጽሐፍ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነው ባለሙያ ሳያየው አይደርድሩ፤ የሰውነት ክፍሎችን ወይም ንጽሕናን የሚያስረዳ ግን ትንሽ ቢቆይም ግድ የለም።

ለምን? ወባን ይመልከቱ። በኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ለተባለው አደገኛ የወባ ዓይነት የመጀመሪያ መድኃኒት ክሎሮኪን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተካ፣ በ2004 ደግሞ በኮአርተም። የእ.ኤ.አ. 1990ዎቹን መጽሐፍ አንብቦ ፋርማሲ የሚሄድ ሰው የማይሠራ መድኃኒት ይጠይቃል።

መለኪያውንም ይዩ። እዚህ የስኳር ውጤት የሚጻፈው በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው፤ ብዙ የእንግሊዝ መጽሐፍ ግን በሚሊ ሞል በሊትር ይጽፋል። በባዶ ሆድ 126 የተባለ ሰው «7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው» የሚል ቢያነብ በድንጋጤ ይሞታል። የመጽሐፉን ቁጥር በ18 ቢያባዛው 7 ራሱ 126 ነው። ይህችን ማባዣ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉባት።

በአንድ መድኃኒት ሁሉንም በሽታ አድናለሁ የሚለውንና «ፍቱን» የሚል ቃል በየገጹ የሚረጨውን አይቀበሉ። የባህል መድኃኒት መጽሐፍ ግን አይጣል፤ የአገር እውቀት ነው። በዲዊ (መጻሕፍት በርዕስ በሚመደቡበት የቁጥር ሥርዓት) 615.88 ለይተው ያስቀምጡና «የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በባለሙያ ነው» የሚል ወረቀት ይለጥፉበት። ኮሶ በግምት የሚጠጣ ሰው አሁንም አለ።

ቋንቋና አደረጃጀት

አማርኛ ብቻ አይበቃም። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ መጻሕፍቱን ለብቻ ሳያርቁ በዚያው መለያ ቁጥር ከአማርኛው ቀጥሎ ይደርድሩ፤ የመደርደሪያውን ስም በሁለቱም ይጻፉ። ዲዊው 610 ሲሆን፣ 613 ጤና አጠባበቅ፣ 614 የኅብረተሰብ ጤና፣ 615 መድኃኒት፣ 616 በሽታዎች፣ 618 የእናቶችና የሕፃናት ነው።

አንባቢ ግን ቁጥር አይፈልግም። ስለዚህ በሕዝብ ስም የተሠራ የፊደል ዝርዝር ይለጥፉ፦ «የወፍ በሽታ፦ ጉበትን ይመልከቱ»፣ «አልማዝ ባለጭራ፦ ቆዳን ይመልከቱ»፣ «የሚጥል በሽታ፦ ነርቭን ይመልከቱ»። ይህ ዝርዝር ከሌለ «ሄፓታይተስ» (የጉበት ሕመም) የሚለውን መጽሐፍ ማንም አይከፍተውም። የአማርኛ ወረቀት ፊደል ከ14 ነጥብ አይነስ፤ መነጽር ለሌለው አረጋዊ 16 ይሻላል።

የት ይቀመጥ?

ጥበቃው ፊት ለፊት አይሁን፣ ጨለማ ጥግም አይሁን። መጽሐፍ በፎርም ከመስኮት የሚጠየቅበት ቤት ከሆነ የጤናውን መደርደሪያ ክፍት ያድርጉት፤ ስለ አባላዘር በሽታ የሚሻ ወጣት ርዕሱን በሰው ፊት አይናገርም። ሌላው ወጥመድ የውሰት መዝገብ ነው። ቀጣዩ ተበዳሪ ሲፈርም ከላይ ያለውን ስምና ርዕስ ያነባል። ለጤና መጽሐፍ የተለየ ካርድ ይጠቀሙና ሲመለስ ያጥፉት። በራሪ ወረቀት ያለ ፊርማ ይወሰድ።

ሠራተኛው ምን ይበል?

«ይህ መድኃኒት ይስማማኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይመጣል። መልሱ «እሱን ሐኪምዎ ነው የሚነግርዎት፤ ስለ መድኃኒቱ የተጻፈውን ግን ላሳይዎት» ነው። ገጹን ከፍቶ ማሳየት ይቻላል፤ የምርመራ ወረቀት ተቀብሎ መተርጎም አይቻልም፣ ሠራተኛው የጤና ዲፕሎማ ቢኖረውም። የደረት ሕመም፣ የሚፈስ ደም ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው መጽሐፍ አይሰጠውም፤ ወደ ጤና ተቋም ይሸኛል።

በየስድስት ወሩ ያጽዱ

አሮጌ ወይም የተሳሳቱ ሆነው ከመደርደሪያው የወጡትን መጻሕፍት ለሌላ ትምህርት ቤት በልገሳ አይስጡ፤ ስሕተቱን ማዛወር ነው። የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ከሆነ እንደ ንብረት ስለተመዘገቡ በቃለ ጉባኤ ነው የሚወገዱት፣ ያም ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው ድረስ «ተሰርዟል» የሚል ማኅተም ሽፋኑና ርዕስ ገጹ ላይ መትተው ዕቃ ቤት ይቆልፉባቸው።