ነጭ ጎን ወይስ ጥቁር? የቱሪንግ ሞተር ጎማ ከመቀየራችሁ በፊት

የቱሪንግ ሞተር፣ ማለትም ለረጅም መንገድ የተሠራ ሞተር ሳይክል፣ የኋላ ጎማው መሃል መሃሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዋይትዎል (ነጭ ጎን) ላድርግ ወይስ ብላክዎል (ጥቁር ጎን)?» ብሎ ነው። ይሄ ግን መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ጥያቄ ነው። ነጩ ያምራል፣ አይካድም። ጥቁር የሃርሊ ዴቪድሰን ሮድ ኪንግ ክሮሙ እያብለጨለጨ በነጭ ጎማ ሲያልፍ ዞር ብሎ የማያይ የለም። አስፋልቱን የሚይዘው ግን ጥርሱ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን አንብቡ። እ.ኤ.አ. የ2010 ሮድ ኪንግን ብንወስድ የኋላው ጎማ ላይ 180/65 ቢ 16 ይላል፣ ይሄ ልኩ ነው፤ ቀጥሎ 81 ኤች። 81 ማለት ጎማው እስከ 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር። ሚስት ከኋላ፣ ሣጥኖቹ ሙሉ፣ ላይ ደግሞ ድንኳን ጭናችሁ ቨርጂኒያ ያለውን የተራራ መንገድ ስካይላይን ድራይቭን የምትወጡ ከሆነ ይሄ ቁጥር ቀልድ አይደለም። ነጭ ስለተገኘ ብቻ ከዚህ ያነሰ እንዳትገዙ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የተሠራ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ያላችሁ ደግሞ ጎማችሁ ራዲያል (ውስጡ ያሉት ክሮች ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የተዘረጉበት) ነው፣ በዚያ ልክ ነጭ ጎን ያለው ማግኘት ጣጣ ስለሆነ ጥቁሩን ገዝታችሁ መገላገል ነው የሚሻለው። ነጭ ፍለጋ ብላችሁ ከፊት ራዲያል፣ ከኋላ ሌላ ዓይነት አትቀላቅሉ።

ቀጥሎ ዕድሜውን እዩ። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት) ከሚለው በኋላ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ነጭ ጎማ እንደ ጥቁሩ ቶሎ ቶሎ ስለማይሸጥ መደርደሪያ ላይ ሊከርም ይችላል። ኦንላይን የምታዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ቁጥሩን አስነብቡ። «አዲስ ነው» ማለት ሌላ፣ በቅርብ የተሠራ ማለት ሌላ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ጎማን ጥቁር የሚያደርገው ካርቦን ብላክ የሚባለው ዱቄት ነው፤ ላስቲኩን ያጠነክረዋል፣ ከፀሐይም ይከላከልለታል። ነጩ ላስቲክ ውስጥ ይሄ የለም። እንደ ቀለምም የተቀባ አይደለም፤ ከሥር ነጭ ላስቲክ ተደርጎ፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ ጥቁር ተፍቆ ነው የሚወጣው። ጥርሱ ግን ያው ነው። ለምሳሌ ዳንሎፕ አሜሪካን ኢሊት በነጭም በጥቁርም አለ፤ ስሙና ቁጥሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ነጩን ስለመረጣችሁ መንገድ አይለቅም። ልዩነቱ ዋጋው ላይና ቅዳሜ ጠዋት ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስል ማጽዳቱን ማለቴ ነው። አዲሱ ነጭ ሰማያዊ ነገር ተቀብቶ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጡ፣ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ የሚለቅ መከላከያ ነው። ከዚያ በኋላ የፍሬን ብናኝ አለ፣ ዝናብ አለ፣ እግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ መፋተግ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚያናድደው ግን ሳትነዱትም ቡና ዓይነት መሆኑ ነው፤ ጥቁሩ ላስቲክ እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመርበት ኬሚካል ቀስ እያለ ወደ ነጩ ይወጣል። ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽና ያ ነጩ የግድግዳ ማጽጃ ስፖንጅ ይበቃሉ። የሽቦ ብሩሽና ቤንዚን ግን አይሞከርም። ጎማ የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ ደግሞ ለመኪና ነው! ሞተር ኩርባ ላይ ስለሚጋደም፣ ያ ቅባት ጥርሱ ጫፍ ላይ ከደረሰ አስፋልት ላይ ነው የምትገኙት።

ሌላም ነገር አለ። የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል። ዛሬ ሁለቱንም ነጭ ካደረጋችሁ፣ ነገ የኋላውን ብቻ ስትቀይሩ ያንኑ ዓይነት፣ ያንኑ የነጭ ስፋት ማግኘት አለባችሁ። ከከተማ ውጪ ሚስማር ቢወጋችሁ ደግሞ በየሱቁ የምታገኙት ጥቁሩን ነው። ነጩን ታዝዛላችሁ፣ እስኪመጣ ሞቴል ትከፍላላችሁ። ወይ ደግሞ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ጥቁር ሆናችሁ ትመለሳላችሁ፤ ለጉዞ ችግር የለውም፣ ለፎቶ ግን እንጃ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዓመቱን ሙሉ በዝናቡም በረጅሙም ለሚነዳ ሰው ጥቁር። ጋራዥ ውስጥ አሳድሮ በሰንበት ለሚወጣ፣ ማጽዳት ለማይሰለቸው ነጭ። ሰፊው ነጭ እንደ ሃርሊው ሄሪቴጅ ሶፍቴል ባለ የድሮ መልክ ላይ ነው የሚያምረው፤ ሌላው ላይ ቀጭኑ ይበቃል።

ጎሚስታው ሲገጥም አጠገቡ ቁሙ። ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ጎማው ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መዞሩን እዩ፣ ቫልቩን አብሮ ይቀይር፣ ባላንስ ያድርግ። ነጭ ከሆነ የማሽኑን መያዣ በጨርቅ እንዲሸፍንላችሁ ጠይቁት፣ ግራሶ ከነካው በኋላ ጠብ ምንም አይጠቅምም። አዲስ ጎማ ያሙለጫል፤ የመጀመሪያዎቹን 100 ማይል ያህል ኩርባም ፍሬንም ቀስ በሉ። ነፋሱን ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ለኩ፤ ለዚያ ሮድ ኪንግ ከፊት 36፣ ከኋላ 40 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፣ ለሌላ ሞተር የራሱን መመሪያ እዩ።