ኮምፒውተርዎ ላይ ያሉ ፋይሎችን ባክአፕ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ሃርድ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ሊበላሽ ይችላል፤ ማታ በደህና የተዘጋ ላፕቶፕ ጠዋት አልነሳም ይላል። ላፕቶፑን ሌላ ይተካዋል። የመመረቂያ ጽሑፉና የልጆች ፎቶ ግን ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌላቸው ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ ባክአፕ (ተጨማሪ ቅጂ) የሚያደርጉት ኮምፒውተሩ ጤነኛ እያለ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ይለዩ። ፕሮግራሞችን እንደገና መጫን ስለሚቻል ይተዋቸው። ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስና ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ይያዙ፤ ዳውንሎድስ ውስጥ የቀረ ጠቃሚ ነገር ካለም ወደ ዶክመንትስ ይውሰዱት። የሂሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነ ዳታውን የት እንደሚያስቀምጥ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተው ይዩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

ቀጥሎ ኤክስተርናል (ከውጭ የሚሰካ) ሃርድ ዲስክ ያዘጋጁ። ፎልደሮቹን መርጠው በማውሱ ቀኝ ቁልፍ «ፕሮፐርቲስ» ሲሉ ጠቅላላ መጠናቸውን ያያሉ፤ ዲስኩ ቢያንስ የዚያን እጥፍ ቢይዝ ጥሩ ነው። ፍላሽ በቀላሉ ስለሚጠፋ ብቸኛ ማስቀመጫ አያድርጉት።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ካለዎት ዲስኩን ሰክተው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፋይል ሂስትሪ»ን ይክፈቱ፣ «ተርን ኦን» ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ ፋይሎቹን በራሱ ዲስኩ ላይ ይቀዳል። ማክ ላይ «ታይም ማሽን» ይህንኑ ይሠራል፤ ዲስኩን ሊያጸዳው ስለሚችል ግን ባዶ ዲስክ ይስጡት። በእጅ ኮፒ ማድረግም ይቻላል፤ በየጊዜው ማስታወስ ግን የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

ሲጨርስ ዲስኩን «ኢጀክት» አድርገው ይንቀሉት። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን የተሰካ ዲስክ ላይ ያለውንም ፋይል ይቆልፍ ነበር። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ከዋናው ፋይል ጋር አብሮ ይጠፋል። በሳምንት አንድ ቀን መርጠው ይስኩ፣ ይጨርስ፣ ይንቀሉ።

ሌባ ወይም እሳት ላፕቶፑንም ዲስኩንም አንድ ላይ ሊወስድ ስለሚችል ሌላ ቅጂ ከቤት ውጭ ይኑርዎት። ጉግል ድራይቭ የተባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫ (ክላውድ) 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ከጂሜይልና ከጉግል ፎቶስ ጋር የሚካፈሉት ቦታ ነው። ለሰነድ ይበቃል። ብዙ ፎቶና ቪዲዮ ካለ ግን ሁለተኛ ዲስክ ገዝቶ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ይሻላል። ክላውድ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ከኮምፒውተርዎ ጋር ሲንክ የሚደረግ (ለውጡን ሁሉ በራሱ እየተከተለ የሚመሳሰል) ፎልደር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያጠፉት ፋይል ክላውዱም ላይ ይጠፋል። ጉግል ድራይቭ ትራሽ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ሲንክ የዲስኩን ቦታ አይተካም።

በመጨረሻ ይሞክሩት። ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው አንድ ሰነድ፣ አንድ ፎቶና አንድ ረጅም ቪዲዮ ይክፈቱ። የፋይሉ ስም መታየቱ ብቻ አይበቃም፤ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ገፋ አድርገው ይዩት። የማይከፈት ካለ ዋናው ፋይል ገና በእጅዎ እያለ እንደገና ኮፒ ያድርጉ።