ለጩኸታም መድረክ የድምፃዊ ማይክ እንዴት ይመረጣል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መሃል የተጣለ የሰርግ ድንኳን፣ ሰበታ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ለገጣፎ ግቢ ውስጥ በጣውላ የተሠራ መድረክ፦ ሦስቱም ጋ ችግሩ አንድ ነው። ቦታው ጠባብ ነው፣ ባንዱ ግን ሙሉ ነው። ድራሙ ከድምፃዊው ጀርባ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ሞኒተሩ (የራሱን ድምፅ መልሶ የሚያሰማው ስፒከር) ደግሞ እግሩ ሥር ይጮሃል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የሚዘፈንበት ማይክ ድምፅ ከማሳመሩ በፊት የማይፈለገውን ድምፅ መተው መቻል አለበት።

በመጀመሪያ ዳይናሚክ መሆኑን አረጋግጡ። ዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ከስስ ሽፋን ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል በማግኔት መሃል እየተንቀሳቀሰ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ፋንተም ፓወር (ሚክሰሩ በማይኩ ገመድ የሚልከው ኤሌክትሪክ) አይፈልግም፤ ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልቱ ተከፍቶ ቢገኝ እንኳ በደህና የኤክስኤልአር ገመድ እስከተሰካ ድረስ አይጎዳም። ጉሮሮ እስኪሰነጠቅ ቢጮህበትም ይችላል። ኮንደንሰር የሚባለው ሌላው ዓይነት ጥቃቅኗን ድምፅ ሳይቀር አጥርቶ ይይዛል፤ ድራም ጎን ላይ ግን ይሄ ጸጋው ዕዳ ይሆናል።

ከዚያ ሞኒተሩ የት እንደሚቀመጥ እዩ። ብዙ ሰው ይቺን ዘሎ ስም ይጠይቃል፣ ኋላ ማይኩ ሲያፏጭ ሳውንድ ማኑን ይቆጣል። ማይኮች ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚሰሙ ይለያያሉ፦ ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት በደንብ የሚደነቁረው በቀጥታ ከጭራው በኩል ነው፤ ስለዚህ አንድ ሞኒተር ከድምፃዊው ፊት ለፊት ካለ እሱ ይሻላል። ሱፐርካርዲዮይድ ከጎን የሚመጣውን ይበልጥ ይተዋል፣ ከጭራው በቀጥታ የሚመጣውን ግን ትንሽ ይሰማል። የሚደነቁርበት አቅጣጫ ከአፍንጫው (ከሚዘፈንበት ፊቱ) ሲለካ ወደ 126 ዲግሪ ግድም ነው። ለእሱ ሁለት ሞኒተር ግራና ቀኝ ሰያፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሃይፐርካርዲዮይድ ደግሞ ይበልጥ ጠባብ ነው፤ የሚደነቁረው ወደ 110 ዲግሪ ላይ ነው።

ጠባብ ሁሌ ይበልጣል ማለት አይደለም። ድንኳን ውስጥ እየዞረ ሙሽሮችን የሚያሞግስ፣ አንገቱን ወደ ዘመድ አዝማድ የሚያዞር ድምፃዊ ሱፐርካርዲዮይድ ከያዘ ከአፉ ትንሽ ፈቀቅ ባለ ቁጥር ድምፁ ይሳሳል። ለእንዲህ ዓይነቱ እኔ ካርዲዮይድ እሰጠዋለሁ። ቆሞ፣ ከንፈሩን ከማይኩ ሳያርቅ ለሚዘፍን ግን ሱፐርካርዲዮይዱ ድራሙን ያርቅለታል።

አሁን ስሞቹን አጥብቡ። ሹር ኤስኤም58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ካርዲዮይድ ነው፤ ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ይይዛል። የመጀመሪያ ማይክ ለሚገዛ ሰው እሱን ነው የምለው፤ የትኛውም ሳውንድ ማን ጠባዩን ያውቀዋል። ከዚያው ቤት ቤታ 58ኤ ሱፐርካርዲዮይድ ነው። ከሴንሃይዘር ኢ835 እና ኢ935 ካርዲዮይድ፣ ኢ845 እና ኢ945 ሱፐርካርዲዮይድ ናቸው። ኦዲክስ ኦኤም7 በጣም ለሚጮህ ባንድ የተሠራ ሃይፐርካርዲዮይድ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ ሚክሰሩ ላይ ጌይን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) በደንብ ይፈልጋል።

ኤስኤም58 ስትገዙ አስመስሎ የተሠራውን ተጠንቀቁ። ትክክለኛው ያለ ገመድ 298 ግራም ግድም ይመዝናል። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። በጣም ቀሎ ከተገኘ መልሱ፤ ሚዛኑ ልክ መሆኑ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይደለም። ዋጋው ከሌሎቹ ሱቆች በግማሽ ከወረደ ምክንያቱን ሻጩ ሳይሆን ማይኩ ይነግራችኋል፦ ኦሪጅናል መሆኑን ከምታውቁት ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙት።

ሳትገዙ ሞክሩት። ከተቻለ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ራሳችሁ የምትዘፍኑበት መድረክ ላይ፣ ሞኒተሩ በቦታው ሆኖ። ሁለት ማይክ የምታወዳድሩ ከሆነ አስቀድማችሁ በሁለቱም ስትዘፍኑ ድምፃችሁ እኩል እንዲወጣ ጌይኑን አስተካክሉ፤ ያለዚያ ጮክ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስላል። ከዚያ ሞኒተሩን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ። ማፏጨት ሊጀምር «ውይይ» ማለት ሲቃጣው አቁሙ፣ ያደረሳችሁበትን ምልክት ያዙ፣ በሌላው ድገሙት። ዘግይቶ የሚያፏጨው ለእናንተ መድረክ የተሻለው ነው።

«ፖሊስ»፣ «ፓስታ» እያላችሁ የትንፋሹን ግፊት፣ «ጸሐይ»፣ «ሻሽ» እያላችሁ ደግሞ ጆሮ የሚወጋ መሆን አለመሆኑን ስሙ። እጀታውን ከእጅ ወደ እጅ አቀያይሩት፤ ጓ ጓ የሚል ከሆነ ተዉት። ከከንፈር ሲጠጋ የሚመጣው የባስ መወፈር እንዲህ አቅጣጫ የሚመርጡ ማይኮች ጠባይ ስለሆነ በእሱ አትፍረዱ፤ ሚክሰሩ ላይ ሎው ከቱን (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን) ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ መክፈት ያቀለዋል።

ስትሞክሩ የማይኩን ራስ የሸፈነውን ወንፊት በእጃችሁ አትጨብጡ። ከተጨበጠ ጀርባውን የሚያደነቁሩት ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ ማይኩ ከየአቅጣጫው መስማት ይጀምራል፣ የፈለገ ውድ ቢሆን ያፏጫል። ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ብቻውን የድምፃችሁን መጠን ወደ 6 ዴሲቤል ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ውድ ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፃዊው ከማይኩ ስንት ጣት ርቆ እንደሚዘፍን እዩ። ከሁለት ጣት በላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስጠጉት።

ማይኩ የብዙ ሰው ከሆነ ወንፊቱ ተፈትቶ የሚታጠብ ይሁን። በለስላሳ ሳሙና አጥቡት፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን መልሳችሁ አትግጠሙት።