ፓይፒአይ ላይ ፓኬጅ ሲጫን የሚመጣውን 403 ስህተት ማስተካከል

የፓይተን ፓኬጅ አዘጋጅቶ ትዋይን በተባለው መሣሪያ፣ የፓይተን ፓኬጆች ለሕዝብ ወደሚቀርቡበት ድረ ገጽ ወደ ፓይፒአይ ሲጭን 403 (ተከልክሏል) የሚል መልስ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው አዲስ ቶክን (በይለፍ ቃል ፈንታ የሚያገለግል ረጅም ሚስጥራዊ ጽሑፍ) ወደ ማውጣት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። የማንነት መረጃው ልክ አይደለም ወይም የለም የሚል ከሆነ፣ ሰርቨሩ ማን እንደሆኑ አላወቀም ማለት ነው። የተጠቃሚ ስምዎን ጠቅሶ ወደዚህ ፕሮጀክት መጫን አልተፈቀደልዎትም ካለ ግን ማንነትዎን አውቋል፤ ስሙን ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ የፓኬጁን ስም ካልቀየሩ በስተቀር አሥር ቶክን ቢያወጡም ለውጥ የለውም።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ፓይፒአይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ለሁሉም ተጠቃሚ ግዴታ ስላደረገ፣ በአካውንት የይለፍ ቃል መጫን ቀርቷል። የተጠቃሚ ስም ከተጠየቁ የራስዎን ስም ሳይሆን «ቶክን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት፣ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት የታች ሰረዝ አድርገው ይጻፉ። በይለፍ ቃሉ ቦታ ቶክኑን ከነመነሻው ይለጥፉ፤ መጀመሪያው ላይ ያለው የፓይፒአይ ስምና ሰረዝ የቶክኑ አካል እንጂ ጌጥ አይደለም። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ኮንትሮል ቪ አንዳንዴ ቶክኑን ሳይሆን አንድ የማይታይ ምልክት ብቻ ስለሚያስገባ፣ በመዳፊቱ ቀኝ ቁልፍ መለጠፍ ይሻላል።

ቶክኑ ትክክል ሆኖ ስህተቱ ካልጠፋ፣ ትዋይን መረጃውን ከየት እንደሚያነብ ይመርምሩ። በትእዛዙ ላይ የተጻፈውንና በተርሚናሉ የአካባቢ ተለዋዋጮች (ተርሚናሉ ለፕሮግራሞች በሚያስተላልፋቸው ቅንብሮች) የተቀመጠውን ያስቀድማል፤ ከዚያ ፓይፒአይአርሲ የተባለውን በነጥብ የሚጀምር ስውር ፋይል፣ ቀጥሎም ኪሪንግን (የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ማስቀመጫ) ያያል፤ የትም ካጣ ብቻ እርስዎን ይጠይቃል። እኔ ግማሽ ቀን ያቃጠልኩት እዚህ ላይ ነበር፦ ፋይሉን ደጋግሜ ሳስተካክል፣ ከወራት በፊት ተርሚናሉ ሲከፈት በሚነበበው የሼሉ ማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ ጽፌ የረሳሁት የተሰረዘ ቶክን በላዩ እየተደረበበት ነበር። ትዋይን ሳይጠይቅዎ በቀጥታ 403 ካመጣ፣ አንድ ቦታ የተቀመጠ አሮጌ መረጃ አለ ማለት ነው።

የመሞከሪያው ድረ ገጽ ቴስትፓይፒአይ የራሱ አካውንትና የራሱ ቶክን አለው፤ የአንዱ ለሌላው አይሠራም። ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተወሰነ ቶክን ደግሞ ገና ላልተፈጠረ ፕሮጀክት ሊወጣ ስለማይችል፣ የመጀመሪያውን እትም ለመላው አካውንት በሚያገለግል ቶክን ጭነው፣ ወዲያው ያንን ሰርዘው በተወሰነው ይተኩት።

ኮዱን ከሚያስቀምጥበት ከጊትሃብ ፓኬጁ በራሱ እንዲጫን የሚፈልግ ሰው ቶክን ማስቀመጥ አያስፈልገውም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው የታመነ አታሚ አሠራር ለእያንዳንዱ ጭነት በ15 ደቂቃ የሚያልፍበት ቶክን ይሰጣል። ይህ ሲከሽፍ በቅድሚያ የሚታየው ሥራው የመታወቂያ ቶክን የመጻፍ ፈቃድ እንዳለው፣ ቀጥሎም ፓይፒአይ ላይ የተመዘገበው የወርክፍሎው ፋይል (ጊትሃብ በራሱ የሚያከናውነው ሥራ የተጻፈበት ፋይል) ስም በጊትሃብ ማከማቻው ውስጥ ካለው ጋር ከነቅጥያው አንድ መሆኑ ነው።